4,294,967,297፦ አንድን ትልቅ ቁጥር ማወቅ ማለት ምን ማለት ነው?

ሦስት ተከታታይ ቁጥሮችን ወረቀት ላይ ጎን ለጎን እንጻፍ፦ 4,294,967,295፣ 4,294,967,296 እና 4,294,967,297። ለዓይን ያው ናቸው፤ የምትለወጠው የመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ናት። ውስጣቸው ሲከፈት ግን አንዱ ከሌላው ጋር ዝምድና ያለው አይመስልም። መካከለኛው ከ2 በቀር ምንም የለበትም፤ ሠላሳ ሁለት ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ የሚገኝ ነው። በስተግራ ያለው የ3፣ የ5፣ የ17፣ የ257 እና የ65,537 ብዜት ነው። በስተቀኝ ያለው ደግሞ ከ1ና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም ተብሎ ለ92 ዓመታት ሲታመን ኖሯል።

ይህ ዳሰሳ የዚያ የቀኙ ቁጥር ነው። ስለ አንድ ቁጥር ይህን ያህል መጻፍ ምን ያስፈልጋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ያስፈልጋል እላለሁ። በዚህ ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር ዙሪያ ከ1640 ጀምሮ (ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተደከመው ድካም ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ እጅግ ትልቅ የሆነን ሙሉ ቁጥር "አወቅሁት" ለማለት ምን መሥራት ይበቃል? መልሱ አንድ አለመሆኑን ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

መጻፍ ብቻውን ማወቅ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። በግዕዝ አኃዝ ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯ ተብሎ ይጻፋል፤ ዜሮ የሌለው፣ በመቶና በእልፍ እየታሰረ የሚሄድ አጻጻፍ ነው። በዐረብ አኃዝ የተለመደው መልኩ ከላይ ያየነው ነው። ሁለቱም ስለ ውስጡ አይናገሩም። በኮምፒውተር አጻጻፍ፣ በ1ና በ0 ብቻ ሲጻፍ ግን አንድ ነገር ብልጭ ይላል፦ መጀመሪያ 1፣ ከዚያ ሠላሳ አንድ ዜሮዎች፣ መጨረሻ ላይ 1። ቁጥሩ 2³² ላይ 1 የተጨመረበት ነው ማለት ነው። የዚህ ሁሉ ታሪክ መነሻ ይህች ቅርጽ ናት።

ፒየር ደ ፌርማ በቱሉዝ ከተማ የሕግ ሰው ነበር፤ ሒሳብን የሚሠራው ለፍቅሩ ሲል ነው። በ1640 ለሌላው የሒሳብ ሰው ለፍሬኒክል በጻፈው ደብዳቤ እንዲህ ያለ ቤተሰብ አቀረበ፦ 2ን ውሰድ፣ 1 ጨምር፤ 3። 2ን በራሱ አባዛና 1 ጨምር፤ 5። የተባዛውን 4 መልሰህ በራሱ አባዛና 1 ጨምር፤ 17። እንዲሁ 16 በራሱ ተባዝቶ 257 ይመጣል፤ 256 በራሱ ተባዝቶ 65,537 ይመጣል። ሊቃውንት ቆጠራውን ከዜሮ ስለሚጀምሩ 3 ዜሮኛው፣ 65,537 አራተኛው የፌርማ ቁጥር ይባላል። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። ፌርማ በዚህ ተመርቶ ቤተሰቡ ሁሉ ብቸኛ ነው ብሎ አመነ። የተሟላ ማረጋገጫ እንደሌለው በደብዳቤው አልሸሸገም፤ እምነቱ ግን ጽኑ ነበር። የሚቀጥለው፣ አምስተኛው፣ 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት የሚመጣው የእኛ 4,294,967,297 ነው።

ፌርማ ለምን አላካፈለውም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሒሳቡንም እናስላው። ቁጥሩ ለሁለት የሚከፈል ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ከ65,536 አይበልጥም፤ ሁለቱም ቢበልጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ ያልፋል። ስለዚህ ከ65,536 በታች ባሉ ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል ይበቃል። እነርሱ 6,542 ናቸው። በእጅ ለሚያካፍል ሰው ይህ የወራት ሥራ ነው፤ ተስፋ ቢያስቆርጥ አይፈረድም። የሚያሳዝነው መልሱ ሩቅ አለመሆኑ ነው። ከ2 ተነሥቶ በተራ እያካፈለ የሄደ ሰው 116ኛው ብቸኛ ቁጥር ላይ ሲደርስ ነገሩ ያበቃለታል። 116ኛው 641 ነው።

641ን ያገኘው ሌዎናርድ ኦይለር ነው፤ ዓመቱ 1732። ነገሩን ያነሣለት የሒሳብ ባልንጀራው ክርስቲያን ጎልድባኽ ሲሆን፣ በ1729 መጨረሻ በጻፈለት ደብዳቤ የፌርማን አባባል ያውቀው እንደሆነ ጠየቀው። ኦይለርን መጀመሪያ ብዙም አልሳበውም። በኋላ ሲገባበት ግን ከዚያ በፊት ማንም ያልሄደበትን መንገድ ሄደ፦ ከማካፈሉ በፊት የትኞቹ ቁጥሮች መሞከር እንደማያስፈልጋቸው ጠየቀ።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ስለ ቀሪ አንድ ነገር ላንሣ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በቀሪ ላይ የቆመ ነውና። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ለዚህ ዓይነቱ ስሌት እንግዳ አይደለም። 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5,500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7,517 ይሆናል። በ19 ሲካፈል 395 ይደርሳል፣ 12 ይቀራል። 395ቱ ይጣላል፤ የሚፈለገው 12 ነው፣ መደብ ይባላል። ከመደብ 1 ሲቀነስ ወንበር 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ 121፤ በ30 ሲገደፍ 1 ይቀራል፣ አበቅቴ ነው። 11 በ19 ተባዝቶ 209፤ በ30 ሲገደፍ 29 ይቀራል፣ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 የሚሆኑት በአጋጣሚ አይደለም፤ 11ና 19 ራሳቸው 30 ስለሆኑ ነው። ባሕረ ሐሳብ ትልቁን ድርሻ ጥሎ ትንሹን ቀሪ ይይዛል፤ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ከዚያች ቀሪ ይወጣሉ። የትልልቅ ቁጥሮች ሊቃውንትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ በ19ና በ30 ፈንታ በ641 መግደፋቸው ነው።

እንግዲህ በ641 እየገደፍን እንሥራ። 641 ከ640 አንድ ይበልጣል፤ 640 ደግሞ 5 በ2⁷ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ በ641 ሲገደፍ "5 በ2⁷" ማለት "አንድ የጎደለው ሙሉ" ማለት ነው፤ እንደ −1 ይቆጠራል። −1 አራት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ 1 ስለሚሆን፣ "5⁴ በ2²⁸" እንደ 1 ይቆጠራል። ይህን እንያዝ። ሌላ ደግሞ፣ 641 የ625ና የ16 ድምር ነው፤ 625 ማለት 5⁴፣ 16 ማለት 2⁴ ነው። ድምራቸው ሲገደፍ ምንም ስለማይቀር 5⁴ እንደ −2⁴ ይቆጠራል። አሁን በመጀመሪያው ቦታ 5⁴ን አንሥተን በምትኩ −2⁴ን እናስገባ፤ −2⁴ በ2²⁸ ሲባዛ −2³² ነው፣ እርሱም 1 ሆነ ማለት ነው። 2³² −1 ከሆነ፣ 2³² ሲደመር 1 ባዶ ነው። ቀሪ የለም። 641 ቁጥሩን ያካፍለዋል።

በዚህ ሁሉ መካከል 4,294,967,297 የሚለውን ቁጥር አንድም ጊዜ አላካፈልነውም፤ ጽፈነውም አናውቅም። ይህን ማረጋገጫ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደጋግሜ በእርሳስ ሠርቼዋለሁ፤ ስሕተት የፈለግሁት እውነት መሆኑ ስላስደነቀኝ ነው። ረጅሙን መንገድ የሚመርጥ ቢኖር ግን 641ን በ6,700,417 አባዝቶ ያረጋግጥ፤ 4,294,967,297 ይመጣለታል።

ኦይለር ያገኘበት መንገድ ከዚህ ይለያል፤ በዝርዝር ያስረዳውም ከዓመታት በኋላ ነው። የአምስተኛውን የፌርማ ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር በ64 ሲካፈል የግድ 1 መቅረት እንዳለበት አሳየ። ይህን ሕግ የሚያሟሉት 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321 እያሉ ይሄዳሉ። ከእነዚህ ብቸኛ ያልሆኑት ሲወጡ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ይቀራሉ። አምስተኛው ሙከራ መልሱ ነው። የ6,542 ማካፈል ሥራ ወደ አምስት ወረደ።

ፈረንሳዊው ኤዷር ሉካ በ1878 ወንፊቱን ይበልጥ አጠበቀው፤ ቀሪው በ64 ሳይሆን በ128 ሲካፈል 1 መሆን አለበት አለ። በዚህ ወንፊት የሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ ብቸኛ ቁጥሮች 257ና 641 ናቸው። 257 ራሱ የፌርማ ቁጥር ነው፤ ጎልድባኽ ደግሞ ሁለት የተለያዩ የፌርማ ቁጥሮች የጋራ አካፋይ ሊኖራቸው እንደማይችል ቀድሞ አሳይቷል። እርሱም ሲወጣ የመጀመሪያው እውነተኛ እጩ 641 ሆኖ ያርፋል። በዓይነ ስውር ፍለጋ 116 እርምጃ የወሰደው ነገር በአንድ እርምጃ ተጠናቀቀ።

6,700,417ስ? እርሱም ቢከፈል አካፋዮቹ የቁጥራችን አካፋዮች ስለሚሆኑ በዚያው ወንፊት ያልፋሉ። ከ2,588 በላይ መሄድ አያስፈልግም። እስከዚያ ድረስ ወንፊቱን የሚያልፉ ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። አምስቱም ሲሞከሩ ቀሪ ይተዋሉ። ስለዚህ 6,700,417 ብቸኛ ነው፤ የ4,294,967,297 ሥራ አለቀ። ሁለት አካፋዮች፣ ከዚያ ወዲያ የለም። አንድ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ታወቀ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ነገር ግን ከዚህ ያነሰ፣ ሆኖም ብዙ ጊዜ ብቸኛው በእጃችን ያለ ሌላ ዓይነት እውቀት አለ። የሚገርመው ቁልፉን ለዓለም የሰጠው ራሱ ፌርማ ነው፤ ያውም በዚያው በ1640። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ አንድ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ፣ እርሱ የማያካፍለውን ሌላ ቁጥር ወስደህ፣ ከብቸኛው አንድ በሚያንስ አርቢ አንሥተህ በብቸኛው ብትገድፈው ቀሪው 1 ነው። ይህን በ3 እንሞክረው። አርቢው 2³² ነውና፣ 3ን ሠላሳ ሁለት ጊዜ እያከታተሉ፣ የመጣውን ሁሉ በራሱ ማባዛትና በየእርምጃው በ4,294,967,297 መግደፍ ነው። ቁጥሩ ብቸኛ ቢሆን መጨረሻ ላይ 1 ይቀር ነበር። የሚቀረው 3,029,026,160 ነው። ስለዚህ ብቸኛ አይደለም። ማን እንደሚያካፍለው አላወቅንም፤ የሚያካፍለው እንዳለ ግን ያለ ጥርጥር አወቅን። የባለ አሥር አኃዝ ቁጥሮች ሠላሳ ሁለት ብዜት ለፌርማ ዓይነቱ ሰው የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

ምናልባት ሞክሮት ይሆን? በ3 ፈንታ በ2 ከሞከረው ቁጥሩ ያታልለዋል። 2³² በቁጥራችን ሲገደፍ −1 ነው፤ እርሱ በራሱ ሲባዛ 1 ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ቢባዛ 1 ሆኖ ይቀራል። የፌርማ ቁጥሮች ሁሉ፣ ብቸኛ ሆኑም አልሆኑም፣ በ2 ሲፈተኑ ያልፋሉ። ለሁሉም ቁጥር የመጀመሪያው ተፈጥሯዊ ፈተና 2 መሆኑን ስናስብ ይህ ክፉ ወጥመድ ነው። ምን እንደሠራ የሚነግረን ወረቀት የለም፤ እኔ ግን አምስት ምስክር ያየ ሰው ቀጣዩን በ2 ፈትኖ ቢያምን አይገርመኝም።

በ1877 ቴዎፊል ፔፓን ይህን ወደ ቁርጥ ያለ ፈተና ቀየረው። ዛሬ በ3 በሚሠራበት መልኩ እንዲህ ነው፦ አንድ እርምጃ ሲቀርህ ቁም፤ በእኛ ቁጥር ሠላሳ አንድ ጊዜ ካባዛህ በኋላ ማለት ነው። ብቸኛ ከሆነ ቀሪው −1 መሆን አለበት፤ ካልሆነ አይሆንም፤ ማመንታት የለም። ለቁጥራችን −1 ማለት የጎረቤቱ የ4,294,967,296 መምጣት ነበር። የመጣው 10,324,303 ነው።

ጎረቤት ካነሣን ዘንድ ወደ ግራው እንመለስ፤ የዚህ ታሪክ ውበት ያለው እዚያ ነውና። ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በመጋቢት 1796፣ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ሳለ፣ ባለ 17 እኩል ጎን ምስል በኮምፓስና ምልክት በሌለው ማስመሪያ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አወቀ። ከጥንት ግሪኮች ወዲህ ባለ 3ና ባለ 5 ጎን ይታወቁ ነበር፤ ለሁለት ሺህ ዓመታት አዲስ አልተጨመረም። ጋውስ ምክንያቱን ሲያገኘው የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች ሆነው ተገኙ፦ ጎኖቹ የተለያዩ የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ከሆኑ ምስሉ ይሠራል፤ ጎኖቹን እያጠፉ ማባዛትም ይቻላል። ከእነዚህ ሌላ እንደማይሠራ ፒየር ዋንዜል በ1837 አረጋገጠ። ከአምስቱ የታወቁ የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች የሚወጡት ጎናቸው በ2 የማይካፈል ምስሎች 31 ናቸው። የመጨረሻው ትልቁ የአምስቱም ብዜት፣ ማለትም ባለ 4,294,967,295 ጎን ነው። ማንም አይሠራውም፤ በዓይንም ከክብ አይለይም። ሊሠራ እንደሚችል ግን እናውቃለን። ዮሐን ጉስታፍ ሄርሜስ የተባለ ጀርመናዊ ለባለ 65,537 ጎኑ አሥር ዓመት ደክሞ በ1894 ጥራዙን ፈጸመ፤ ጥራዙ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል።

ይኸው ሰንሰለት ሌላ፣ ማንም ልጅ ሊሠራው በሚችል ቦታ ብቅ ይላል። የፓስካልን ሦስት ማዕዘን ይጻፉ፤ ጫፎቹ 1፣ በውስጥ ያለው እያንዳንዱ ከላይ ያሉት የሁለቱ ድምር። በ2 የሚካፈለውን ሁሉ 0፣ የማይካፈለውን 1 ያድርጉት። አሁን እያንዳንዱን መስመር እንደ ኮምፒውተር አጻጻፍ ያንብቡት፦ 1፣ 3፣ 5፣ 15፣ 17፣ 51፣ 85፣ 255፣ 257 እያለ ይወርዳል። ከ1 በስተቀር እነዚያው በኮምፓስ የሚሠሩት ምስሎች ጎኖች ናቸው፤ በቅደም ተከተል፣ አንድም ሳይዘለል። ሠላሳ ሁለተኛው መስመር ሁሉም 1 ሆኖ 4,294,967,295 ይሰጣል። ሠላሳ ሦስተኛው መስመር ሁለት ጫፍ 1፣ መሐሉ ሠላሳ አንድ ዜሮ ነው። የእኛው ቁጥር ነው። ሥርዓቱ የሚሰበረው እዚያ ነው፤ 4,294,967,297 ብቸኛ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ይቀጥል ነበር። የአንድ ቁጥር ጠባይ በጂኦሜትሪና በተራ መደመር ውስጥ እኩል ዱካ ሲተው ማየት ለእኔ ከሒሳብ ታላላቅ ደስታዎች አንዱ ነው።

መካከለኛው፣ 4,294,967,296፣ ከሁሉም ለኑሯችን ቅርቡ ነው። በ32 ቢት ኮምፒውተር ውስጥ ሊጻፉ የሚችሉት የተለያዩ ቁጥሮች ብዛት ነው፤ የቀድሞው ዓይነት የኢንተርኔት አድራሻም በዚያው ይወሰናል። ብዙ የቆዩ ሥርዓቶች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ሲሆን፣ ከዜሮ በታች ላለውም ቦታ ስለሚተዉ ጣሪያቸው የዚህ ቁጥር ግማሽ ሲቀነስ 1፣ 2,147,483,647 ነው። (ይህኛው ብቸኛ ነው፤ በ1772 ያረጋገጠው ያው ኦይለር ነው።) ያ ሰከንድ የሚሞላው በአዲስ አበባ ሰዓት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። የጥምቀት ዕለት ማለዳ ነው፤ ታቦታቱ ገና በጥምቀተ ባሕሩ ዳር ሳሉ። ያልታደሱ ማሽኖች በዚያች ቅጽበት ወደ 1901 ተመልሰው ይቆጥራሉ።

ከአምስተኛው በኋላ የመጡት የፌርማ ቁጥሮች ምን ሆኑ? ስድስተኛው 18,446,744,073,709,551,617 ነው። በቼዝ ሠሌዳ ላይ እያጠፉ እህል የማስቀመጥን የቆየ ተረት የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ የእህሉ ፍሬ ከዚህ በሁለት ብቻ ያንሳል። ያ የእህል ብዛት ራሱ ከዜሮኛው እስከ አምስተኛው ያሉት የፌርማ ቁጥሮች ብዜት ስለሆነ 641ና 6,700,417 በሠሌዳው ላይም ተቀምጠዋል ማለት ነው። ስድስተኛውን ቶማስ ክላውሰን በ1855 ለጋውስ በጻፈው ደብዳቤ ከፍሎት ነበር፤ ሰዎች ሳያውቁለት ቀረ። ፎርቱኔ ላንድሪ በ82 ዓመቱ፣ በ1880፣ 274,177 እንደሚያካፍለው አሳተመ።

ሰባተኛው ባለ 39 አኃዝ ነው። ሞርሄድና ዌስተርን በ1905 በፔፓን ፈተና ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጡ። አካፋዩ የተገኘው በ1970 ነው፤ ሞሪሰንና ብሪልሃርት አዲስ ዘዴ ይዘው በሎስ አንጀለስ በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ፈቱት። ስድሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሰዎች ይህ ቁጥር እንደሚከፈል ያውቁ ነበር፤ በማን እንደሚከፈል ግን አንድም ሰው አያውቅም ነበር። የሁለቱን እውቀት ርቀት ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ስምንተኛው በ1980 በብሬንትና በፖላርድ ተፈታ። ለዘጠነኛው፣ ለባለ 155 አኃዙ፣ በ1990 ሁለቱ ሌንስትራዎች፣ ማናሲና ፖላርድ በተለያዩ አገሮች ያሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አስተባበሩ። አሥረኛው ተራውን ጠብቆ በ1995 ተፈታ።

አሥራ አንደኛው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። 617 አኃዝ አለው፤ ሆኖም ከዘጠነኛው ቀድሞ በ1988 ተፈታ። ምክንያቱ ከአምስቱ አካፋዮቹ አራቱ ትንንሽ መሆናቸው ነው፤ ሁለቱ ባለ 6 አኃዝ፣ ሁለቱ ባለ 21ና ባለ 22 አኃዝ። በአንጻሩ ለምሥጢር ጽሑፍ መፈተኛ ተብሎ ከሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች የተሠራ፣ ልክ 617 አኃዝ ያለው ቁጥር አለ፤ እስካሁን መፈታቱ ለዓለም አልተነገረም። በዚያ ዓይነት እስከ 2020 የተፈታው ትልቁ ባለ 250 አኃዝ ነው። ስለዚህ "ትልቅ ቁጥር ለመክፈል ከባድ ነው" የሚለው ተደጋግሞ የሚነገር አባባል ግማሽ እውነት ነው። ክብደቱ ከርዝመቱ ይልቅ አካፋዮቹ እንዴት እንደተደላደሉ ላይ ነው። በባንክና በስልክ የምንላላከው ምሥጢር ከሚጠበቅባቸው መንገዶች አንዱ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ በዚያ ሥራ ውስጥ በተለምዶ ቁልፍ ለማበጀት የሚመረጠው አርቢ ደግሞ 65,537፣ የመጨረሻው የታወቀ የፌርማ ብቸኛ ቁጥር ነው።

ከ65,537 ወዲያ ሌላ ብቸኛ የፌርማ ቁጥር አለ? ከአምስተኛው እስከ ሠላሳ ሁለተኛው ያሉት ሁሉ ብቸኛ እንዳልሆኑ ተረጋግጧል። ሠላሳ ሦስተኛው ከ2.5 ቢሊዮን በላይ አኃዝ አለው፤ የፔፓን ፈተና ግልጽ ቢሆንም ለዚህ ቁጥር ማንም ሊሠራው አልቻለም፤ በወንፊት የተገኘ አካፋይም የለውም። ከእርሱ እጅግ የራቁ አንዳንዶቹ ደግሞ ትንሽ አካፋይ ስለተገኘላቸው ታውቀዋል፤ የእነርሱ አኃዞች ግን በወረቀት ተጽፈው አያልቁም። የብዙዎቹ ሊቃውንት ግምት ሌላ ብቸኛ አይኖርም የሚል ነው። በዚያ መጠን ካሉ ቁጥሮች መካከል ብቸኛ የሚገኘው ከቢሊዮኖች አንድ ስለሆነ፣ ቤተሰቡም በእያንዳንዱ እርምጃ በርዝመት ስለሚታጠፍ፣ ዕድሉ በፍጥነት ይከስማል። ግምቱ ምክንያታዊ ነው፤ እኔም ብጠየቅ ወደዚያው አዘነብላለሁ። ይሁን እንጂ እንደ ማረጋገጫ ሲጠቀስ ስሰማ አልስማማም። ግምቱ የፌርማ ቁጥሮችን እንደ ዕጣ ይቆጥራቸዋል፤ እነርሱ ግን ጥብቅ ሥርዓት ያላቸው፣ እርስ በርስ የጋራ አካፋይ የሌላቸው፣ አካፋዮቻቸውም በጠባብ በር ብቻ የሚገቡ ቁጥሮች ናቸው። ሌላ ብቸኛ እንደሌለ ማረጋገጥ ይቅርና፣ ብቸኛ ያልሆኑት ማለቂያ የሌላቸው መሆናቸውን እንኳ እስካሁን ያረጋገጠ የለም። ፌርማ በአምስት ምሳሌ ስለ ሁሉም ተናገረ፤ እኛ በሃያ ስምንት ምሳሌና በዕጣ ስሌት ስለ ሁሉም ብንናገር መሠረታዊው ነገር አልተለወጠም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው ግን ሠላሳ ሦስተኛው አይደለም፤ ብቸኛ አለመሆናቸው ታውቆ አካፋያቸው ያልተገኘው ሃያኛውና ሃያ አራተኛው ናቸው። አሥራ አራተኛውም ለረጅም ጊዜ ከእነርሱ ጋር ነበር፤ የመጀመሪያው አካፋዩ በ2010 ተገኘ። ሃያ አራተኛው 5,050,446 አኃዝ አለው። በ1999 ክራንዳል፣ ሜየርና ፓፓዶፑሎስ የፔፓንን ፈተና ሠርተው ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጡ። በሉካ ሕግ መሠረት አካፋዩ በ67,108,864 ሲካፈል 1 ይቀረዋል፤ መኖሩም እርግጥ ነው። እስካሁን ግን ማንም አላየውም።